የእንግሊዝኛ የቃል ክፍሎች፦ ቃልን ከቆመበት ስፍራ ማወቅ

በሀገራችን ተማሪ ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡንም ሆነ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ መማር ግድ ይሆንበታል። ከዚያ አስቀድሞ ስምንቱን የቃል ክፍሎች፣ ይኸውም ስምን፣ ተውላጠ ስምን፣ ግሥን፣ ቅጽልን፣ ተውሳከ ግሥን፣ መስተዋድድን፣ መስተጻምርንና ቃለ አጋኖን በቃሉ አጥንቶ ይሆናል። ይሁን እንጂ የሥነ ሕይወት መጽሐፉን ገልጦ «ፕላንትስ ኒድ ላይት»፣ ማለትም «ዕፀዋት ብርሃን ያስፈልጋቸዋል» የሚለውን አጭር ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ያጠናው ዝርዝር ብቻውን አይረዳውም።

መዝገበ ቃላት ቢመለከት «ፕላንት» ተክልም ተከለም፣ «ኒድ» ፍላጎትም ፈለገም፣ «ላይት» ብርሃንም አበራም ቀላልም ሆነው ያገኛቸዋል። ሦስቱም ስምም ግሥም ሊሆኑ ይችላሉ። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቢደናገር አይፈረድበትም፤ በእኛ ቋንቋ «ተከለ»፣ «ተክል»፣ «ተካይ»፣ «ተከላ» ከአንድ ሥር ቢወጡም እያንዳንዱ ክፍሉን በመልኩ ያስታውቃልና። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለውን ምልክት በአብዛኛው ከዘመን ብዛት ጥሎታል። ስለዚህ የቃሉ ክፍል የሚታወቀው ከስፍራው ነው፦ ባለቤት ይቀድማል፣ ግሥ ይከተላል፣ ተሳቢ ከግሡ በኋላ ይመጣል። ከላይ በጠቀስነው ዐረፍተ ነገር መካከል የቆመው «ኒድ» ግሥ ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት ስሞች ናቸው።

በቃል መጨረሻ የምትገኘው «ስ»ም ታሳስታለች። በስም ላይ ስትቀጠል ብዙ ቁጥርን ታመለክታለች፤ በግሥ ላይ ስትቀጠል ግን ባለቤቱ አንድ መሆኑን ትናገራለች። «ሺ ፕላንትስ» ቢባል «ትተክላለች» ማለት ነው እንጂ ስለ ዕፀዋት አይናገርም።

ስፍራውን የሚጠቁሙ ትንንሽ ቃላት አሉ። ከ«ካን» ወይም ከ«ዊል» በኋላ ግሥ ይጠበቃል። ከ«ዘ» ወይም ከ«ኤ» በኋላ ስም ይመጣል፤ በመካከላቸው የገባው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ቅጽል ነው። «ፋስት» የሚለውን ቃል እንመልከት። «ዊ ፋስት» እንጾማለን፣ «ኤ ሎንግ ፋስት» ረጅም ጾም፣ «ኤ ፋስት ሆርስ» ፈጣን ፈረስ፣ «ሂ ራንስ ፋስት» በፍጥነት ይሮጣል ማለት ነው። አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ግሥ፣ ስም፣ ቅጽልና ተውሳከ ግሥ ሆነ።

በነገራችን ላይ ስምንት የሚለው ቁጥር ከላቲን የተወረሰ ነው። የቅዱስ ሄሮኒሞስ መምህር የነበረው ዶናቱስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የላቲንን ቃላት በስምንት ከፍሎ ነበር። ላቲን እንደ «ዘ» ያለ መስተአምር የለውም፤ ስለዚህ ሊንድሊ መሪ እ.ኤ.አ. በ1795 ዓ.ም. ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው መስተአምርን ጨምሮ ዘጠኝ ክፍሎችን ቈጠረ። ስምንት ናቸው ወይስ ዘጠኝ እያሉ መከራከር ግን ለተማሪው ብዙም አይፈይደውም።

አንባቢ ለመልመጃ ያህል «ዎተር ዘ ፕላንትስ ዊዝ ክሊን ዎተር»፣ ማለትም «ተክሎቹን በንጹሕ ውኃ አጠጣ» የሚለውን ይመርምር። «ዎተር» ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ የፊተኛው ከየትኛው ክፍል ነው? የኋለኛውስ? «ክሊን»ስ በዚህ ስፍራ ምን ሆኖ አገለገለ?