ሌንሱ ያቀርባል ወይስ ሴንሰሩ ይቆርጣል?

በተማሪዎች መካከል የካሜራ ነገር በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ አባባል አለ። ይኸውም «200 ሚሊሜትር ሌንስ ሴንሰሩ አነስተኛ በሆነ ካሜራ ላይ ሲገጠም 300 ይሆናል» የሚለው ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለበት። ነገር ግን ግማሹን እንደ ሙሉ አድርጎ የያዘ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ያዋጣውን ገንዘብ ለማይጠቅመው ዕቃ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ሴንሰር ማለት በካሜራው ውስጥ ከሌንሱ ኋላ የተቀመጠ፣ ብርሃን የሚቀበል ገበታ ነው፤ ቀድሞ መስተዋትና ፊልም ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው እርሱ ነው። የትኩረት ርዝመት የምንለው ደግሞ ሩቅ ያለው ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። በሌንሱ ላይ 50 ወይም 200 ሚሊሜትር ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህ ነው። የዕይታ ስፋት ማለት ካሜራው ከፊቱ ካለው ምድር ምን ያህሉን እንደሚይዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዕቃው ጠባይ ሲሆኑ ሦስተኛው የሁለቱ ውጤት ነው።

ምሳሌውን ከቤታችን እንውሰድ። አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ቆሞ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል እንበል። ከመስኮቱ አጠገብ ቢቆም ማሳውን፣ መንገዱንና ከማዶ ያለውን ተራራ በሙሉ ያያል። ወደ ኋላው እያፈገፈገ ቢሄድ ግን የሚያየው ምድር እየጠበበ ይሄዳል። እንደዚሁም ከቆመበት ሳይነቃነቅ መስኮቱ በጠባብ መስኮት ቢለወጥ የሚያየው ይጠባል። እንግዲህ የመስኮቱ ስፋት ሴንሰሩ ነው፤ ከመስኮቱ እስከ ዓይኑ ያለው ርቀት የትኩረት ርዝመቱ ነው። መስኮቱ ስለጠበበ ተራራው አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ቤቱ አልቀረበም፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ተሸፈነ።

ይህ ምሳሌ በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ነው። የሴንሰሩን ስፋት ለትኩረት ርዝመቱ አካፍሎ፣ የተገኘውን በርቀቱ ማባዛት፤ የሚወጣው በዚያ ርቀት ላይ የሚታየው ምድር ስፋት ነው። ለምሳሌ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይዘን 100 ሜትር ርቆ ያለውን ነገር ብንመለከት፣ ስፋቱ 36 ሚሊሜትር የሆነው «ፉል ፍሬም» የተባለው ሴንሰር 72 ሜትር ያሳየናል። ስፋቱ 23.5 ሚሊሜትር የሆነው «ኤፒኤስ-ሲ» 47 ሜትር፣ 17.3 ሚሊሜትር የሆነው «ማይክሮ ፎር ተርድስ» ደግሞ 35 ሜትር ያህል ያሳያል። ሌንሱ አንድ ነው፤ ርቀቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው መስኮቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ለማስታወስ የሚመች ደንብ ይወጣል። የሌንሱ ቁጥር ከሴንሰሩ ስፋት ጋር ሲተካከል፣ የሚታየው ምድር ስፋት ከርቀቱ ጋር ይተካከላል። በቦረና ደጋ ጫፍ ቆሞ በ1000 ሜትር ርቀት ላይ ካለው ገደል 1000 ሜትር ያህሉን ለማንሣት የሚፈልግ ሰው፣ ለፉል ፍሬም 36፣ ለኤፒኤስ-ሲ 24 ሚሊሜትር ያህል ሌንስ ይበቃዋል።

ለመሆኑ ሁሉም በ36 ሚሊሜትር የሚለካው ስለምንድን ነው? ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ ለሲኒማ የተሠራውን 35 ሚሊሜትር ፊልም ወስዶ፣ የሲኒማውን ሥዕል ስፋት እጥፍ አድርጎ፣ 36 በ24 ሚሊሜትር የሚያነሣ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ላይካ የተባለው ይህ ካሜራ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ልኩ በዓለም ሁሉ ስለተለመደ፣ ሌሎቹን ሴንሰሮች ከርሱ ጋር ማነጻጸር ልማድ ሆነ። 36ን ለ23.5 ብናካፍል 1.5 ያህል ይወጣል። «200 ሲገጠም 300 ይሆናል» የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። ትክክለኛው አነጋገር ግን «200 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፒኤስ-ሲ ላይ የሚያሳየው ስፋት፣ 300 ሚሊሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም ላይ ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው» የሚል ነው። ሌንሱ ግን ዛሬም ነገም 200 ነው።

አሁን ከመካነ ሰላም ተነሥተን ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ማለት ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ እንሂድ። በዚያ ደጋ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀበሮ በ100 ሜትር ርቀት ላይ በጎኑ ቆሟል እንበል። 200 ሚሊሜትር ሌንስ የቀበሮውን ምስል በሴንሰሩ ላይ 2 ሚሊሜትር አድርጎ ይጥለዋል። ሴንሰሩ ትልቅም ሆነ ትንሽ ምስሉ ያው 2 ሚሊሜትር ነው። በፉል ፍሬም ላይ ከስፋቱ 18ኛውን እጅ፣ በኤፒኤስ-ሲ ላይ 12ኛውን እጅ ያህል ስለሚይዝ ግን፣ ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ልክ ሲታተሙ የኋለኛው ቀበሮ ገዝፎ ይታያል። ይህ ግዝፈት ከፉል ፍሬሙ ሥዕል ዳርና ዳሩን በመቀስ ቆርጦ ቀሪውን በማሳደግም ይገኛል።

«እንግዲያውስ ትንሹ ሴንሰር ምንም አይጠቅምም ማለት ነውን?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። እንዲህ ማለት አይደለም። የምስሉ ዝርዝር የሚወሰነው በዚያች 2 ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ነጥቦች እንዳሉ ነው። ሁለቱም ካሜራዎች በስፋታቸው 6000 ነጥቦች ቢኖራቸው፣ በፉል ፍሬሙ ላይ ቀበሮው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር 333 ነጥቦች ይደርሱታል፤ በኤፒኤስ-ሲ ላይ ግን 510 ያህል። እዚህ ላይ ትንሹ ይበልጣል። የረዳው ግን ነጥቦቹ ተጠጋግተው መደርደራቸው እንጂ የሴንሰሩ ማነስ በራሱ አይደለም። በሌላ በኩል ፉል ፍሬም ስፋቱ በቁመቱ ተባዝቶ ሲታይ ከኤፒኤስ-ሲ 2.4 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ገበታ ስላለው፣ በአንድ ዓይነት የብርሃን መክፈቻና ፍጥነት የሚሰበስበው ጠቅላላ ብርሃን በዚያው መጠን ይበልጣል። ስለዚህም ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሚያነሣው ሥዕል የተሻለ ጥራት ይኖረዋል።

የእጅ ስልክም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ የትኩረት ርዝመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ ሴንሰሩም በዚያው ልክ ትንሽ ስለሆነ ሰፊ ምድር ያሳያል። በመስታወቱ ላይ በሁለት ጣት ዘርግተን «አቀረብሁት» ስንል፣ ስልኩ ሌላ ረጅም ሌንስ ከሌለው በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሠራነው ሥራ የመቀሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሥዕሉ ሲደበዝዝበት ወደ አውሬው ይጠጋል፤ አውሬውም ምግቡን ትቶ ይሸሻል።

ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ደግሞ ከመካነ ሰላም በሰሜን ምሥራቅ ያለችው መቅደላ ታስተምረናለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (1868 እ.ኤ.አ.) በመቅደላ ካረፉ በኋላ፣ የ7 ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ታዋቂ ባለሙያ ፎቶግራፍ አነሣችው። ይህች ሴት ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሠራበት የነበረው ትልቁ ካሜራ 15 በ12 ኢንች የሆነ መስተዋት የሚይዝ ሲሆን፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 30 ኢንች፣ ማለት 762 ሚሊሜትር ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ይህስ ከተራራ ማዶ ያለ አውሬ ማንሻ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን የመስተዋቱ ረጅም ጎን 381 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ ግማሽ ነው። የ36 ሚሊሜትር እጥፍ 72 ስለሆነ፣ ያ ግዙፍ ሌንስ በረጅሙ ጎን ሲሰላ በፉል ፍሬም ላይ እንደ 72 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያይ፣ ለሰው ፊት የሚመች ሌንስ ነበር። እንግዲህ የሌንስ ቁጥር የገበታው ልክ ካልተነገረ ስለ ዕይታ ስፋት ምንም አይናገርም።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ገንዘብ አዋጥተን ካሜራ ለመግዛት ስናስብ አስቀድመን ሦስት ነገር እንጠይቅ። የምናነሣው ነገር ምን ያህል ይርቃል? ከዚያ ርቀት ምን ያህል ስፋት እንፈልጋለን? በምን ብርሃን ላይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በማካፈል ይመለሳሉ፤ ሦስተኛው የሴንሰሩን ልክ ይመክረናል። ሻጭ «ይህ ካሜራ ሌንሱን ያረዝመዋል» ቢለን መስኮቱን እናስታውስ። ማንኛውም ሥዕል ከሰፊው ምድር ተቆርጦ የተወሰደ ነው። ፊቱን ለዓለም ያስታወሰው የዓለማየሁ ሥዕል እንኳ መቅደላን አያሳየንም። ካሜራ የያዘ ተማሪም በመስኮቱ ውስጥ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከመስኮቱ ውጭ የቀረውን ጭምር ሊያስብ ይገባዋል።