ጨው የወጣበትን መሬት በሮደስ ሣር እንልብሰው

የዛሬው ትምህርት በመስኖ ለምታርሱ ሁሉ ነው። ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጮክ ብሎ ያንብብለት።

ጨው ከየት መጣ?

ውሃ ጠጥቶ በደረቀ ማሳችሁ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ታያላችሁ? ዘሩ እዚህ በቅሎ እዚያ ይቀራል? የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ይደርቃል? ይሄ እርግማን አይደለም፤ ጨው ነው።

የመስኖ ውሃ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውሃውን ስትወስደው ጨው ይቀራል። ውሃ አለመጠን ተለቆ መውጫ ሲያጣ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይነሣል። የኩራዝ ክር ጋዙን ሽቅብ እንደሚስብ ሁሉ አፈሩም ይህንን ውሃ ይስበዋል። ጨውም አብሮ ይወጣል።

በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች በመስኖ ለሙ። በብዙ ቦታ ግን በቂ የውሃ ማፍሰሻ አልነበረም። ብዙ ማሳ ጨው ወጥቶበት ተተወ። በተተወው መሬት ላይም ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ገባ።

ታዲያ መሬቱ ሞተ ብለን እንተወው? የለም! እዚያው አካባቢ፣ በወረር የግብርና ምርምር ማዕከል ከተሞከሩት ጨው ቻይ ሣሮች አንዱ ሮደስ ሣር ነው። የወሰደውን ጨው ከፊሉን በቅጠሉ ያወጣዋል። ሥሩ አፈሩን ስለሚከፍት ውሃው ጨውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ለከብት መኖ ይሆናል። አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆያል።

እንዴት ይዘራል?

1. መጀመሪያ የውሃ ማፍሰሻ ቦይ ቆፍሩ። ማፍሰሻ በሌለበት ሣሩ ብቻውን መሬት አያድንም።

2. መሬቱን አለስልሱና ደልድሉ። ከመዝራታችሁ በፊት ውሃ አጠጥታችሁ ጨውን ወደ ታች እጠቡት። ሮደስ ጨው የሚችለው ካደገ በኋላ ነው፤ ቡቃያው ገና ደካማ ነው።

3. ለአንድ ሄክታር 10 ኪሎ፣ ለሩብ ሄክታር ሁለት ኪሎ ተኩል ዘር ይበቃል። ዘሩ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ዝሩ።

4. በጥልቀት አትቅበሩት። ከአንድ ጣት ውፍረት ያነሰ አፈር ይበቃዋል። በቅጠላማ ቅርንጫፍ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው።

5. ሥር እስኪይዝ ድረስ ውሃውን ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ አጠጡ። አረሙንም በወቅቱ ንቀሉ።

እንክብካቤው

በመጀመሪያው ወቅት ከብት አታስገቡበት። ሣሩን በእጃችሁ ሳቡት፤ ከነሥሩ ከተነቀለ ገና ነው። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ማበብ ሲጀምር እጨዱት። ብዙ ቢገኝ ብሎ እስኪያረጅ የሚጠብቅ ሰው ያገኘው መኖ ሳይሆን እንጨት ነው። ስታጭዱ ከመሬት አራት ጣት ያህል ተዉለት፤ ከዚያ ያቆጠቁጣል። ከታጨደ በኋላ ፍግ ብትጨምሩለት ይወዳል።

ድርቆሹን እያገላበጣችሁ አድርቁት። እርጥቡን ከከመራችሁት ይሻግታል። ሲደርቅ በቆጥ ላይ ከምሩት። ጨዋማ ሣር ከብትን ያስጠማልና ንጹሕ ውሃ በቅርብ ይኑር።

ለዘር የምትፈልጉትን ጥግ ሳታጭዱ ተዉት። አዲስ የተለቀመ ዘር ወዲያው በደንብ አይበቅልም። ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ቢያንስ ሦስት ወር ይረፍ፤ ስድስት ወር ቢሆን ይሻላል።

ጥንቃቄ

መሬቱ ጠቁሮ፣ ውሃም አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ከተኛ፣ ይህ ሌላ ዓይነት ችግር ሊሆን ይችላል፤ ጂፕሰም ሊያስፈልገው ስለሚችል ለግብርና ባለሙያ አሳዩት። ደግሞም አንድ ሰው ብቻውን ቦይ ቢቆፍር፣ የላይኛው ጎረቤት ውሃውን ከለቀቀበት ድካሙ ከንቱ ነው። ማፍሰሻ የጋራ ሥራ ነው፤ በማኅበር ተመካከሩበት። ዛሬ ጥግ ላይ የታየው ነጭ ነገር ዝም ከተባለ ማሳውን ይወርሳል።

ለውይይት

ሀ. በአካባቢያችሁ ጨው የታየባቸው ማሳዎች የትኞቹ ናቸው? ውሃቸውስ በየት ይወጣል?
ለ. ዘሩን ከአሸዋ ጋር የምንቀላቅለው ለምንድን ነው?
ሐ. የማፍሰሻውን ቦይ መቼ፣ ከየት እስከ የት፣ ከእነማን ጋር ትቆፍራላችሁ? መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።