ኮምፒውተር እንቅስቃሴን እንዴት ያያል? ዌብካምና ሊኑክስን ለጥበቃ ስለ ማዋል

አንዲት ዌብካም የቤተ ሙከራን ቅጥር ግቢ ሌሊቱን ሙሉ እንድትጠብቅ ብናደርግ፣ በመጀመሪያ የሚያስቸግረን የምስሉ ብዛት ነው። 640 በ480 ነጥብ ያለው ባለ ቀለም ምስል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ይዞ በሴኮንድ 15 ጊዜ ቢነሣ፣ ሳይታመቅ በሰዓት 50 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ቢታመቅ እጅግ ያንሳል፤ ሆኖም ማንም ያልገባበትን የአሥር ሰዓት ፊልም ማን ተቀምጦ ያያል? ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ይገባል።

በሊኑክስ ላይ ለዚህ ከሚያገለግሉት ነጻ ፕሮግራሞች አንዱ «ሞሽን» ይባላል። ከኡቡንቱና ከዴቢያን የሶፍትዌር ማከማቻ በቀላሉ ይጫናል። ለአብዛኞቹ የዩኤስቢ ዌብካሞች የሚሆነው ድራይቨርም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ስለሚገኝ ሌላ መፈለግ አያሻም። አስተውሎት የሚጠይቀው የማስተካከያው ፋይል ነው።

ፕሮግራሙ ሰውን ከድመት አይለይም፤ ሥራው መቀነስና መቁጠር ነው። አዲሱን ምስል ከማነጻጸሪያው ምስል ጋር ነጥብ በነጥብ ያስተያያል። ከ0 እስከ 255 በሚለካው የብርሃን መጠን ልዩነቱ ከተወሰነ ልክ (መነሻው 32 ነው) ያለፈውን ነጥብ «ተለውጧል» ብሎ ይቆጥራል። የተለወጡት ነጥቦች ከገደቡ ሲበልጡ መቅዳት ይጀምራል። ገደቡ ሳይነካ ሲቀር 1500 ነው፤ ይህም ከ307,200 ነጥቦች ግማሽ በመቶ ያህል ነው።

ይህ ቁጥር በተግባር ምን ማለት ነው? ካሜራዋ ወደ ጎን 60 ዲግሪ ታያለች እንበል። በ10 ሜትር ርቀት 11.5 ሜትር ስፋት በ640 ነጥቦች ይሸፈናል፤ ለአንድ ሜትር 55 ነጥብ ይደርሳል። ቁመቱ 1.7፣ ስፋቱ 0.5 ሜትር የሆነ ሰው 2600 ነጥብ ያህል ይይዛል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ በአራት ስለሚካፈል፣ በ20 ሜትር ላይ የሚይዘው 650 ብቻ ነው። ከካሜራዋ 3 ሜትር ላይ የምታልፍ ድመት ግን ከ3500 በላይ ትሸፍናለች። እንግዲህ በአጥሩ ሥር የሚሾልከው ሌባ ሳይቀዳ፣ ድመቷ ትቀዳለች ማለት ነው!

ገደቡን ዝቅ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ዲስኩ ይሞላልና። ለዚህ መፍትሔው ጭምብል ነው፤ በምስሉ ልክ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ይዘጋጅና ዛፉ ያለበት ስፍራ ጥቁር ይቀባል፤ ጥቁሩ አይቆጠርም። ደመና ሲያልፍ ወይም መብራት ሲበራ ደግሞ ምስሉ በሙሉ ይለወጣል። «ላይትስዊች» የተባለው መመሪያ ከተወሰነ በመቶ በላይ የሆነውን ድንገተኛ ለውጥ እንዲተው ያደርጋል።

ትክክለኛውን ገደብ በግምት ከመፈለግ መለካት ይሻላል። «ቴክስት ቼንጅስ» የተሰኘውን መመሪያ ብንከፍት የተለወጡት ነጥቦች ቁጥር በምስሉ ጥግ ላይ ይጻፋል። አንድ ጓደኛችን በአጥሩ ሥር እንዲመላለስ አድርገን፣ ቀንም ማታም ቁጥሩን እንመዝግብ፤ ማንም በሌለበት ጊዜ የሚታየውንም እንዲሁ። ገደቡ በሁለቱ መካከል ይሁን። የማታውን መለካት የግድ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ካሜራዋ የራሷን ኤሌክትሮኒካዊ ረብሻ አጉልታ ስለምታሳይ ባዶው ግቢ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

የተቀዳው ፋይል እንደተዘጋ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲቀዳ የሚያደርግ ትእዛዝም በማስተካከያው ፋይል ሊጻፍ ይችላል። ሌባው ኮምፒውተሩን ራሱን ይዞ ከሄደ ማስረጃው አብሮት ይሄዳልና።