አቀበቱ በጠዋት፦ ከጂንካ ተነስቶ የግማሽ ቀን የሳይክል ዙር

የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ከጂንካ ከተማ በላይ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ከደጁ ሲቆሙ ከተማው ከታች ይታያል፣ ወደ ሰሜን ደግሞ የአሪ ተራሮች። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና ቱሪዝም የምታጠና ወጣት እዚያ ተቀምጠው ያወሩት ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ከሐዋሳ አራት ጓደኞቼ ሊመጡ ነው። ሳይክል ይወዳሉ። ጠዋት ወጥተን ለምሳ የምንመለስበት ዙር ላዘጋጅላቸው ብዬ ወደ ማጎ የሚወስደውን መንገድ አሰብኩ። ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም።

መምህሩ፦ መውረዱስ አይከብድም ልጄ። መመለሱን አስበሽዋል? ጂንካ 1,490 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የማጎ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት የነሪ ወንዝ ዳር ከዚህ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በማለዳ ወርዳችሁ፣ ቆላው በሚግልበት ሰዓት ያንን ሁሉ ልትወጡት ነው። የገንዲ ዝንቡም አለ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ አይለቅም። ጎሽ የሚውልበት ጫካም ነው። ማጎን በመኪና፣ ከስካውት ጋር ግቡ። ለሳይክል ከላይ ያለው ይሻላል።

ወጣቷ፦ ከላይ ሲሉ ወደ አሪ መንደሮች?

መምህሩ፦ አዎ። ዙር ስታወጪ መጀመሪያ የምትወስኚው አቀበቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚደርሳችሁ ነው። ጉልበቱም አየሩም ሳይደክም ውጡት። በእንሰቱና በቡናው መሃል ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ፣ ላይ ስትደርሱ መንደር ከመንደር በሚያገናኘው መንገድ አግድም ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ በሌላ መንገድ ወደ ከተማ ትወርዳላችሁ። የደከመ ሰው ቢኖር ቁልቁለቱ ራሱ ቤቱ ያደርሰዋል። በማጎ በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ወጣቷ፦ ስንት ኪሎ ሜትር ላድርገው? በአስፋልት ሃምሳ ይነዳሉ።

መምህሩ፦ በኪሎ ሜትር አትለኪው፣ በሰዓት ለኪው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ለእግረኛ አንድ ስሌት አስቀምጧል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። እኔ ለሳይክልና ለእኛ ኮረት መንገድ ስቀይረው፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ለየ100 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሩብ ሰዓት አደርገዋለሁ። እንግዲህ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ አቀበቱም ተደምሮ 400 ሜትር ነው እንበል።

ወጣቷ፦ ሁለት ሰዓት፣ በዚያ ላይ አንድ ሰዓት። ሦስት።

መምህሩ፦ ለቡናና ለዕረፍት አንድ ጨምሪ። ለፈነዳ ጎማ ግማሽ። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት ብትነሱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከተማ ናችሁ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ብትይ ግን ምሳችሁ እራት ይሆናል።

ወጣቷ፦ አቀበቱን ከስልኬ ካርታ ላይ አገኘዋለሁ። የጂንካን ከፍታ ከመጨረሻው ከፍታ ላይ ቀንሼ…

መምህሩ፦ አይሆንም። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች መንገዱን በየቦታው ይቆርጡታል። ወደ እያንዳንዱ ጅረት ትወርጃለሽ፣ ማዶውን ደግሞ ትወጪያለሽ። የኮንቱር መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከትለሽ፣ መውጫ መውጫውን ብቻ ደምሪ። መስመሮቹ ተጠጋግተው ካየሽ እዚያ ሳይክሉ እየተገፋ ነው የሚወጣው። መገፋቱ ነውር የለውም፤ ሰዓቱን ብቻ አስቢለት።

ወጣቷ፦ ወሩስ?

መምህሩ፦ የእኛ ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ክረምት አይደለም። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ይመጣል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ በጎማውና በፍሬኑ መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ምረጪ። በዚያም ወር ቢሆን ጅረት ስትሻገሪ ውኃውን እዪ። ጂንካ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ጠርቶ የነበረው ውኃ ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ አትሻገሪ። ዳር ላይ ድንጋይ አኑሪና ጠብቂ፤ ውኃው ድንጋዩን ከዋጠው እየሞላ ነው፣ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ወጣቷ፦ ቅዳሜ ነው የሚመቻቸው።

መምህሩ፦ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። ጠዋት ከላይ ያለው ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ ይወርዳል፤ እናቶች ተሸክመው፣ አህያው ተጭኖ። ተሸክማ የምትወርድ እናት ለሳይክል መንገድ እንድትለቅ ማድረግ ትክክል አይደለም። ቅዳሜ ሳይክሉን አስቀምጡና ገበያውን በእግር እዩ። ለዙሩ ዓርብን ውሰጂ።

ወጣቷ፦ ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ጓደኞቼ ደቡብ ኦሞ ፎቶ በክፍያ ነው ሲባል ሰምተዋል።

መምህሩ፦ በደንብ ያሳስብሽ። በላንድክሩዘር የሚመጣው ጎብኚ ይወርዳል፣ ያነሳል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው ስም አያውቅም፤ የተነሳውም ሰው ማን እንዳነሳው አያውቅም። ይህ ያመኛል። በሳይክል የሚመጣ ሰው ግን «እንደምን አደራችሁ» ብሎ መልሱን ሰምቶ ያልፋል፤ አቀበት ላይማ ለመነጋገርም ይደርሳል። ስለዚህ ሰላምታውን በአሪኛ አስጠኛቸው። መንገዱን የሚመራችሁ ልጅም ከዚያው መንደር ይሁን፣ የሚገባውንም ክፈሉት።

ወጣቷ፦ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ጋ ላሳርፋቸው አስቤ ነበር።

መምህሩ፦ ጥሩ። ቀደም ብለሽ ብቻሽን ሂጂና ጠይቂያቸው፤ ቡና ከምታፈላላችሁ ሴት ጋርም እዚያው ተስማሚ። ምናልባት ሸፈሮ ትሰጣችኋለች፤ የቡናው ገለባ ፈልቶ በቅል ነው የሚቀርበው። ሸክላ ሠሪዋ ጋ ስትደርሱ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ጭቃውን እንዴት እንደምታድቦለቡለው፣ የጀበናውን አንገት በእርጥብ ጣቷ እየዞረች እንዴት እንደምታለሰልሰው ቁጭ ብለው ይዩ። የሚገዛ ካለ ገንዘቡን ይስጣትና ጀበናውን በማግሥቱ ገበያ ላይ ይረከባት። በሳይክል ከተሸከመው አንገቱ ይሰበራል፤ ቅዳሜ ሲገናኙ ደግሞ በስም ይጠራራሉ።

ወጣቷ፦ ልጆቹ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ባዶውን ጠርሙስ ብንሰጣቸውስ?

መምህሩ፦ ቆማችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ከሆነ ይሁን። እየነዳችሁ አትወርውሩ። ቁልቁለት ላይ ጠርሙስ የሚያባርር ልጅ ጎማ ሥር ነው የሚገባው። መንደር ስትቃረቡ ከሩቅ ደወል ደውሉ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ከብት ካለ ውረዱና እረኛው እስኪያሳልፍ ቁሙ።

ወጣቷ፦ ዕቃስ ምን እንያዝ?

መምህሩ፦ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፓምፕ፣ ማስቲሽና መጠገኛ ላስቲክ፣ የጎማ ማውለቂያ። ላይ ጎሚስታ የለም። ጎማ ሲፈነዳ ሰው ቶሎ ብሎ ከመነዳሪውን ይቀይርና እሾሁን ጎማው ውስጥ ይተወዋል፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ ደግሞ ይተነፍሳል። ቀዳዳውን በጅረቱ ውኃ ውስጥ በአረፋው ፈልጊ፤ ከዚያ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ዳስሺ፤ እሾሁን ሳታገኚ አትግጠሚ። ፍሬኑን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ኮረብታ ላይ ፈትኑት። ስትወርዱ ሁለቱንም ፍሬን ትንሽ ትንሽ እየያዛችሁ ነው እንጂ ኮረት ላይ የፊቱን ብቻ ብትጨብጡ ትወድቃላችሁ።

ወጣቷ፦ ከአራቱ አንዷ አዲስ ናት። ብትቀርብንስ?

መምህሩ፦ ከፊት አድርጊያት። ፍጥነቱን እሷ ታውጣ፣ ሌሎቹ ይከተሏት። አቀበቱን ጨርሳችሁ አግድሙን ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓት እዪ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ዙሩን ትታችሁ በወጣችሁበት ውረዱ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪያቸው፤ እዚያ ደርሰሽ ብትነግሪያቸው ይከራከሩሻል።

ወጣቷ፦ እኔስ የት ልሁን?

መምህሩ፦ አንቺ ከኋላ። ፓምፑም አንቺ ጋ ይሁን።