ከተጣለው መካከል የሚመርጥ ዓይን

ቢስሚላህ። 

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ብዙዎቻችን የጥበብ ሐሳብ ለታደለ ሰው፣ ያውም ሳይታሰብ ድንገት የሚመጣ ይመስለናል። ዛሬ ይህን ግምት በከተማችን ሠዓሊ በኤልያስ ስሜ ሥራዎች እንፈትሸዋለን።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቦርድና የኪቦርድ ቁልፍ ይሰበስባል። ሽቦውን በእጅ እየጎነጎነ በጣውላ ላይ ያያይዘዋል። «የተወጠረ ገመድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጣቸው ሥራዎቹ ከርቀት ሲታዩ ከአውሮፕላን ቁልቁል እንደሚታይ ማሳና ሸለቆ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራዎቹ በቬኒስ ቢየናሌ ቀርበዋል።

አንደኛ፦ አጋጣሚ። የትኛው ሽቦ፣ በምን ቀለም ገበያ እንደሚወጣ ሠዓሊው አይወስንም። መለየት፣ ማከማቸትና የሚስማማው እስኪገኝ መታገሥ ግን የእሱ ድርሻ ነው። ያው ክምር በሌሎች ፊትም ነበር፤ ቆሞ የመረጠው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ተፈጥሮ። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ከጭቃና ከጭድ ነው። ጭቃ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ጭዱ አያይዞ ይይዘዋል። የአፈሩን ጠባይ ያላወቀ እጅ በላዩ ቅርጽ ሊያወጣ አይችልም።

ሦስተኛ፦ እኛ «አጋጣሚ» የምንለው ከራሳችን ዕውቀት አንጻር ነው። ሱረቱል አንዓም ቁጥር 59 የቅጠል መርገፍ እንኳ ከአላህ ዕውቀት እንደማይወጣ ያስተምረናል። በቀደር ማመን ታዲያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ፊታችን የመጣውን በተፈኩር መመልከትና በእጃችን መልፋት የእኛ ፋንታ ነው።

ይህ ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። በቤተ ሙከራ የተቃጠለ ቦርድ «አበቃለት» ብለን እንጥላለን። በድሮ ቦርዶች ብየዳ ውስጥ ያለው እርሳስ ግን አፈርና ውኃ ሊበክል ይችላል። ሥዕል የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን አያጠፋም። ዓይናችን ያለፈውን መልሶ ያሳየናል እንጂ። ዛሬ የምንነድፈው ዕቃ ሲያረጅ የት እንደሚወድቅ ከአሁኑ ማሰብ አለብን።

የሳምንቱ ልምምድ፦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወጣ ወይም በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ስንዘዋወር አንድ የረገፈ ቅጠል እናንሳ። ለሰባት ቀን በየቀኑ ያንኑ ቅጠል እንንደፍ። በሰባተኛው ቀን በመጀመሪያው ያላየነውን በሐለቃችን እንነጋገር፦

1. ቅጠሉ ሲደርቅ ምን ተለወጠ? ለምን?
2. በክፍላችን ከምንጥለው ዕቃ ሊጠገን የሚችለው የትኛው ነው?

ወላሁ አዕለም።