አባ ሙሴ ጸሊም፦ የሰማዕትነቱ ትርጉም በሦስት ምንጮች

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ገዳመ አስቄጥስ ከኖሩት መናንያን አንዱ አባ ሙሴ ጸሊም ነው። የግብፅና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ሰኔ 24 ቀን ያስቡታል። ጥንታውያን ምንጮች ስለ ንስሓው የሚሰጡት ምስክርነት ተቀራራቢ ሲሆን፣ ስለ አሟሟቱ የሚሰጡት ግን ይለያያል። ከዚህም በላይ፣ ተገደለ በሚሉት ምንጮች ዘንድ እንኳ ገዳዮቹ ሃይማኖቱን እንዲክድ አልጠየቁትም። ታዲያ ሰማዕት የተባለው በምን ምክንያት ነው?

ቀዳሚው ምስክር ጰላድዮስ ነው። በግብፅ በረሓ ለዓመታት በምንኵስና ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ420 አካባቢ ላውሶስ ለተባለ የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን የመነኮሳትን ታሪክ ጻፈ። በዚህ ድርሰት ሙሴ የአንድ ሹም አገልጋይ ነበር፤ በክፉ ጠባዩና በሌብነቱ ከጌታው ቤት ተባርሮ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። ሥራውን ያሰናከለበትን እረኛ ለመበቀል ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን በዋና ተሻገረ፤ እረኛው ቢሰወርበት አራት አውራ በጎች አርዶ ተመለሰ። ከመነኮሰ በኋላ ግን አራት ሌቦች በበኣቱ ሲመጡበት ሁሉንም አስሮ፣ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ፍርዱን ለወንድሞች ተወ። ሌቦቹም ማንነቱን ሲያውቁ መነኮሱ። ጰላድዮስ ታሪኩን የሚደመድመው ሙሴ በ75 ዓመቱ ቅስና ተቀብሎ ሳለ በአስቄጥስ እንደ ሞተ በመናገር ነው፤ መገደሉን አይጠቅስም። ደራሲው «ኢትዮጵያዊ» ሲለው የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ከግብፅ በስተ ደቡብ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ የሚነገር ስለ ነበር፣ ቃሉ ብቻውን የአክሱም ተወላጅ መሆኑን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ምንጭ ከጰላድዮስ በኋላ የተጠናቀረው የአበው ንግግሮች ስብስብ ነው። በዚህ ትረካ ወራሪዎች ወደ አስቄጥስ መቃረባቸው በተሰማ ጊዜ ሙሴ ለመሸሽ አልፈቀደም፤ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ የተናገረው የጌታ ቃል (ማቴ. 26፥52) በእርሱ የሚፈጸምበትን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠባበቅ መኖሩን ገለጸ። ወንድሞቹ አብረው ሊሞቱ ሲነሡ ግን አላዘዛቸውም፣ አልከለከላቸውምም፤ እያንዳንዱ ለራሱ እንዲወስን ተወው። ከተገደሉት ተለይቶ በገመድ ክምር ሥር የተሸሸገው አንዱ ወንድም ሰባት አክሊላት ሲወርዱ አየ።

ሦስተኛው የግብፅ ስንክሳር ነው። በእርሱ ዘንድ የተሸሸገው ወንድም አክሊል የያዘውን መልአክ ባየ ጊዜ ከመሸሸጊያው ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ተሰየፈ። በቀድሞው ትረካ ምስክር የነበረው ሰው፣ በኋለኛው የክብሩ ተካፋይ ሆነ።

የጰላድዮስ ዝምታ የሰማዕትነቱን ትውፊት ብቻውን አያፈርስም። የአስቄጥስ የመጀመሪያ ጥፋት በተለምዶ እ.ኤ.አ. በ407 አካባቢ እንደ ደረሰ ይታሰባል፤ ጰላድዮስ ደግሞ በዚያን ጊዜ በአስቄጥስ አልነበረም። በአንጻሩ የአበው ንግግሮች የተጠናቀሩት ዘግይተው በመሆኑ፣ ሙሴ ተናገረው የተባለውን ቃል በቃል እንደ ተመዘገበ ማስረጃ ለመውሰድ አይቻልም። ስለዚህ የወረራው ታሪካዊነትና የንግግሩ ሥነ መለኮታዊ ትርጓሜ ተለይተው ሊመዘኑ ይገባል።

ያም ሆኖ ትረካው የሚያቀርበው የሰማዕትነት ፍቺ ግልጽ ነው። በዘመነ ሰማዕታት የነበረው መመዘኛ በዳኛ ፊት ሃይማኖትን መመስከር ነበር፤ በዚህ ግን ዳኛም፣ የክህደት ጥያቄም የለም። ለሙሴ ሞት ትርጉም የሚሰጠው የራሱ ያለፈ ሕይወት ነው፤ ሰይፍ ነክሶ ወንዝ የተሻገረው ሽፍታ በሰይፍ ፊት ባዶ እጁን ቆመ። አራት ሌቦችን ያሰረ ጉልበተኛ በወራሪዎች ላይ እጁን አለማንሣቱ የድካም ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ለሠራው ደም የሚገባውን ፍርድ መቀበሉ ነው። ወንድሞቹን ነጻ መተዉም ይህን ያጸናል፤ ዕዳው የእርሱ እንጂ የእነርሱ አልነበረምና። በዚህ ንባብ ሰማዕትነቱ የንስሓው ፍጻሜ እንጂ በንስሓው ላይ የተጨመረ ሌላ ክብር አይደለም።