የጎረቤትህን መጽሐፍ አታቃልል

አንባቢ ሆይ፥ በጀሞ ኦርቶዶክሳዊው፥ ካቶሊካዊውና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፥ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነጋገሩ ግን አንዱ 81፥ አንዱ 73፥ አንዱም 66 መጻሕፍት ይቈጥርና ክርክር ይነሣል።

እኔ የካቶሊክ ምእመን ነኝ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጋር ሊነበቡ እንዲገባ አምናለሁ። ስለዚህ ልዩነቱ ከንቱ ነው አልልህም። ነገር ግን መጽሐፉ በማን እጅ እንደ ደረሰህ አስተውል። የግዕዙን አዲስ ኪዳን ከ1548 እስከ 1549 እ.ኤ.አ. በሮም ያሳተሙት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው፤ ካቶሊካውያንም ረዷቸው። መላውን መጽሐፍ በካይሮ ወደ አማርኛ የመለሱት አቡ ሩሚ የሚባሉት አባ አብርሃም ናቸው፤ በ1840 ያሳተመው ግን የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ማኅበር ነው። የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ከሌሎች ክርስቲያኖች ጋር በኅብረት የተዘጋጀውን ትርጕም ካቶሊካውያን እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ የጎረቤትህን መጻሕፍት ቈጥረህ አታሳፍረው። አስቀድመህ እንዴት እንደሚያነብ ጠይቀው። 27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት በሦስቱም ዘንድ አሉና፥ ከእነርሱ አንዱን አብራችሁ አንብቡ። መጽሐፉን የሚያከብር ሰው የሚያነበውን ባልንጀራውን ሊንቅ አይገባውም።